ጧሪ ቀባሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም 4ኛ ሳምንት መጻጉዕ ይባላል። በዚህ ሰንበት የሚታሰበው 38 ዓመት በአልጋው ላይ ተኝቶ የኖረው በሽተኛ ነው (ዮሐ. 5፥1-9)። ጌታችን መዳን ይወድ እንደ ሆነ ሲጠይቀው ሰውየው የሕመሙን ጽናት አላስረዳም። ያመለከተው ሌላ ነገር ነው፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ አንሥቶ የሚያስገባው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። ልብ በሉ፣ ጠበሉ እዚያው አጠገቡ ነበረ። ከአልጋው እስከ ውኃው ያለው መንገድ ጥቂት ነው። የጠፋው ያችን ጥቂት መንገድ የሚያሻግረው ሰው ነው።

እርጅናም እንዲሁ ነው። ምግቡ ማድ ቤት አለ፤ መድኃኒቱ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ መጸዳጃው ከመኝታው ዐሥር እርምጃ ነው። የሚያደርስ ሰው ከሌለ ግን ያ ዐሥር እርምጃ እንደ ባሕር ይሰፋል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በሰፈራችን በቤቴል የምትኖር አንዲት እኅት ከጉባኤ በኋላ ያቀረበችው ጥያቄ ነው። እናቷ በደም ግፊት ምክንያት ግማሽ አካላቸው ሰንፏል። ታላቅ እኅቷ አሜሪካ ዋሽንግተን ናት፤ ወንድሟ ሐዋሳ ይሠራል። የምታነሣው፣ የምታጥበው፣ ሌሊት የምትነቃው እርሷ ብቻ ናት። «ዲያቆን፣ እናቴን የአረጋውያን ማዕከል ባስገባት ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ?» አለችኝ። ጥያቄው የእርሷ ብቻ አይደለም። ከወይራ ሰፈር እስከ አየር ጤና በየቤቱ በለሆሳስ የሚጠየቅ ነው። በይፋ ግን አንነጋገርበትም፤ ያሳፍረናላ! ስለዚህ እስቲ ዛሬ በግልጽ እንነጋገርበት።

አገራችን ልጅን «ጧሪ ቀባሪ» ትላለች። ሁለት ቃል ነው። መቅበሩን ጠንቅቀን እናውቅበታለን፤ ዕድር አለ፣ ድንኳን አለ፣ 40 እና ሙት ዓመት አለ፣ ለተዝካሩ ተበድሮም ቢሆን የሚደግስ አለ። ጸሎተ ፍትሐትና መታሰቢያ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ከሞቱ በኋላ 300 ሰው የሚበላበት ድግስ የሚደግሱላቸው እናት፣ በሕይወት ሳሉ ዳይፐር በቁጥር ሲሰጣቸው ማየት ምን ይባላል? ጧሪነቱ ቀርቶ ቀባሪነቱ ብቻውን ከቆመ ነገሩ ለጎረቤት ዓይን የሚደረግ ሆኗል ማለት ነው። ድሮ አባቶቻችን የቁም ተዝካር ያወጡ ነበር። ዛሬ የቁም ተዝካር ማውጣት የሚወድ ቢኖር የእናቱን ፍራሽ ይለውጥ።

ጌታችን ፈሪሳውያንን ከወቀሰባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 እንደተጻፈው፣ አንድ ሰው ወላጆቹን ሊረዳበት የሚገባውን ገንዘብ ቍርባን ነው ካለ፣ አባትና እናቱን ከመርዳት ነፃ ያወጡት ነበር። (እዚህ ላይ ቍርባን የተባለው ሥጋ ወደሙ አይደለም፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ማለት ነው። የሚያምታቱት ስላሉ ነው ይህን ማለቴ።) እኔ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኜ አትስጡ አልልም። ለሕንፃው ስጡ፣ ለገዳማት ስጡ። የእናት መድኃኒት የሚገዛበትን ግን ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን መቀበል አትወድም። ሰፈራችን በስሙ የተጠራበትን ቤቴልን ካነሣን፣ ያዕቆብ ዐሥራት ሊያወጣ የተሳለው እዚያ ነው (ዘፍ. 28፥22)። ያው ያዕቆብ ባረጀ ጊዜ ደግሞ ልጁ ዮሴፍ በግብፅ ምድር መግቦታል (ዘፍ. 47፥12)። ዐሥራቱ መጦሩን አላስቀረም።

የክፍለ ከተማችን ስም ደግሞ ቀራንዮን ይዟል። በዚያች በቀራንዮ ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ፣ ዓለምን በሚያድንበት በዚያ ሰዓት፣ የእመቤታችንን ማረፊያ አልተወም፤ ለሚወደው ደቀ መዝሙር ሰጣት፣ ደቀ መዝሙሩም ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ. 19፥26-27)። ለእኅታችን ጥያቄ መልስ የሚሆነውን እኔ የማገኘው እዚህ ላይ ነው። እናትን ለሌላ ሰው አደራ መስጠት በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተደረገም ነበር። ግን እንዴት ተደረገ? በመጀመሪያ የተናገረው ለእርሷ ነው፤ ቀጥሎ ለዮሐንስ። በድብቅ አልሆነም፤ ላገኘውም ሰው አልሰጣትም፤ ለሚታመነው ሰጠ እንጂ።

አረጋውያንንና ድውያንን አንድ ቤት ሰብስቦ መርዳት የፈረንጅ ፈሊጥ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሳርያ ከከተማው ውጭ ለድኆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን መጠለያ ሠርቷል። በእኛም አገር አረጋውያን መነኮሳይያት በደብሩ ቅጥር ግቢ ጎጆ ቀልሰው፣ በመቃብር ቤት ሳይቀር፣ በምእመናን ምጽዋት ሲኖሩ ቆይተዋል። ቤቱ መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም። ማን ነው የሚገባበት የሚለው ነው ጥያቄው።

መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን የማያውቅ የለም። ወንድማችን ቢኒያም በለጠ በቤተሰቡ ቤት ጥቂት ሰዎችን በማንሣት የጀመረው ሥራ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖችን ይዟል። ስሙ ራሱ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ለቅዱስ ጳውሎስ በራእይ የታየውን የመቄዶንያ ሰው የእርዳታ ጥሪ ያስታውሰናል። ያ ቤት ግን ከጎዳና ለሚነሡ፣ ጧሪ ለሌላቸው የተከፈተ ነው። እንግዲህ ሦስት ልጆች የወለዱ፣ አንዷ ዶላር የምትልክላቸው እናት እዚያ በር ላይ ቢተዉ፣ የተወሰደው የማን አልጋ ነው? ሰው የሌለው የመጻጉዕ አልጋ ነው። ሰው እያላቸው ሰው የለኝም የሚለውን ቦታ እንዲይዙ ማድረግ፣ ይህ በእውነት በደል ነው፤ በእናት ላይም፣ በማናውቀው በዚያ ድኃ ላይም።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጅ ሠርተው ማደር ለማይችሉ ለተቸገሩ ወላጆቹ ቀለብ እንዲሰጥ ያዛል፤ ምግብ ብቻ ሳይሆን መኖሪያ፣ ልብስና ሕክምናም በቀለብ ውስጥ ይገባል። የመንግሥት ጡረታ ያላቸው ወላጆች አሉ፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ግን የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ጉልት ላይ ተቀምጠው፣ እንጀራ ጋግረው፣ ልብስ አጥበው ያሳደጉን እናቶች ደግሞ የጡረታ ደብተር የላቸውም። የእነርሱ ጡረታ እኛ ነን።

ታዲያ ወጪውስ? ስለ ገንዘብ ማውራት መንፈሳዊ አይመስለንም፤ ወንድምና እኅት የሚጣላው ግን በዚሁ ነው። እስቲ ዋሽንግተን ያለችውን እኅት እናንሣ። ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚያደርጉት የምትሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ የሰው እናት ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። በአሜሪካ ለእንዲህ ያለ መኖሪያ የሚከፈለው መካከለኛ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2023 በወር ከ5,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ቀንና ሌሊት ነርስ በሚጠብቅበት ቤት የብቻ ክፍል ከሆነ ደግሞ ከ9,000 ዶላር ያልፋል። ይህን የምጠቅሰው ለማስደነቅ አይደለም። የቤቴሏ እኅት ያንኑ ሥራ፣ ያለ ፈረቃ፣ ያለ እረፍት ቀን፣ ያለ ምንም ክፍያ ትሠራለች። ታላቂቱ የወሩን 200 ዶላር ልካ ድርሻዬን ተወጣሁ ስትል፣ ሥራው በራሷ ቤት ሲሆን ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሐዋሳ ያለውም ወንድም በስልክ «እማዬን ሐኪም ቤት ውሰዷት» እያለ መመሪያ መስጠቱ ጧሪ አያሰኘውም።

ስለዚህ ለእኅታችን ያልኳት፣ ከሁሉ በፊት አንድ ደብተር ግዢ ነው። የመድኃኒቱ፣ የዳይፐሩ፣ የታክሲው፣ የሠራተኛዋ ደመወዝ፣ የፊዚዮቴራፒው፣ ነርስ ቤት ድረስ የምትመጣ ከሆነ የእርሷ ክፍያ፣ ሁሉም ይጻፍ። በሌላው ገጽ ሰዓቱ ይጻፍ፤ ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሣሽ፣ ከሥራ ስንት ቀን ቀረሽ፣ ከቅዳሴ ስንት ሰንበት ቀረሽ። ይህ ሁለተኛው ገጽ ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው። ከዚያ ሦስቱም በስልክም ቢሆን ተሰብስበው ያንብቡት። ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ ጊዜ ያለው ጊዜ ያዋጣ። የሐዋሳው ወንድም በየወሩ ሦስት ቀን መጥቶ ቢተካት፣ እርሷ አንድ ሌሊት ትተኛለች፣ አንድ እሑድ ታስቀድሳለች።

ስለ ሠራተኛዋ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከገጠር የመጣች የ17 ዓመት ልጅ ለምግብ ሥራ ተቀጥራ፣ በዚያው ደመወዝ በሽተኛ እንድታነሣ፣ እንድታጥብ፣ ሌሊት እንድትነቃ ይደረጋል። የሠራተኛው ደመወዝ ጩኸት ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ያዕቆብ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)። የአስታማሚነቱን ለይታችሁ ክፈሏት። አሠራሩንም ከሐኪም ተምራችሁ አሳዩአት፤ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ካልተገለበጠ ገላው ይቆስላል። ቁስሉ አንዴ ከወጣ መድኃኒቱ ከዳይፐሩ ይብሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያልተቻለስ እንደ ሆነ? አለ እንዲህ ያለ ጊዜ። አንዳንዱ ሕመም ከአንዲት ሴት ጉልበት በላይ ነው። የመርሳት ሕመም የያዛቸው አባት ሌሊት በር ከፍተው ይወጣሉ፤ ምድጃ ለኩሰው ይረሳሉ፤ ልጃቸውን ሌባ ይላሉ። ሲራክ በምዕራፍ 3 የአባት አእምሮ ቢጎድል እንኳ እንድንታገሠውና እንዳንንቀው ያስተምራል፤ ያን ጊዜም ይህ ነገር ነበረ ማለት ነው። ጠበሉም ሐኪሙም አይከለከሉ፤ በሕመሙ ምክንያት በሚናገሩት ግን ቂም አይያዝባቸው። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የሚከፈልበትም ይሁን በበጎ አድራጎት የሚሠራ ማዕከል ተመርጦ፣ ሌላው ልጅ የሚችለውን እየከፈለ፣ እናት ወይም አባት ቢገቡ ኃጢአት ነው ብዬ አልናገርም። ቤት ውስጥ ተዘግቶባቸው ቀኑን ሙሉ በረጠበ ልብስ ከሚውሉ ይሻላል።

ግን አትዋሹአቸው። «ለጥቂት ቀን ነው፣ ለምርመራ ነው» ተብለው የተወሰዱ አረጋውያን በር በሩን እያዩ ይከርማሉ። እርጅና የመጠየቅ መብት አያሳጣም። እሺ ይሉ ይሆናል፣ ያለቅሱ ይሆናል፣ ይረግሙም ይሆናል፤ ቢሆንም ይጠየቁ። ከመግባታቸው በፊት ደግሞ ቤቱን ሳትጠበቁ፣ በምሳ ሰዓት ሳይሆን በምሽት ሄዳችሁ እዩት። ሌሊት የሚያድረው ስንት ሰው ነው? የንስሐ አባት ገብቶ ጸሎት ሊያደርስላቸው ይፈቀዳል? ከገቡ በኋላስ በየስንት ቀኑ ነው የምትሄዱት? ዳዊት በእርጅናው እንዳይጣል የለመነው (መዝ. 70፥9) ፍራሽ እንዳያጣ ፈርቶ አይመስለኝም።

ጾሙን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪም ወተትና እንቁላል ያዘዘላቸውን እናት፣ ቤቱ በጾም ነው ብሎ በሽሮ ብቻ የሚያቆይ ልጅ አለ። ይህን የሚወስነው የንስሐ አባት ነው፤ ጠይቁ፣ ለሕሙማንና ለአረጋውያን ቤተ ክርስቲያን ርኅሩኅ ናት። ልጅቱ እስከ 9 ሰዓት ጾማ፣ ለእናቷ ግን ማለዳ ወተት ብታፈላ ጾሟ አይፈርስም። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ስለ እውነተኛ ጾም ሲናገር፣ እንጀራን ለተራበ ከመቁረስ ጋር አብሮ የቆጠረው ከሥጋ ዘመድ አለመሸሸግን ነው።

ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውስ? እነርሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየግቢው አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ወይም በቀበሌ ቤት ብቻቸውን የቀሩ እማሆይ ወይም አባባ አሉ። በሰፈራችን ውኃ በተራ ሲመጣ፣ አንዳንዴም በሌሊት፣ ጉልበት ያለው ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ ይሮጣል። እርሳቸው በከዘራ ተደግፈው እስኪወጡ ሌላው ቀድሞ ቀድቶ፣ ውኃው ይሄዳል። የእርሳቸውን ጄሪካን ከማታው ጀምሮ ከእናንተው ጋር አሰልፉት፤ ሲሞላም እስከ አልጋቸው አጠገብ አድርሱላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።