የመንገዱ ሸክም የማን ነው?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ሰው እግሩ ቢሰበር ወይም አንዲት እናት ምጥ ቢጸናባት፣ ጩኸቱ እንደ ተሰማ ጎረቤት ሁሉ ይነሣል። ቃሬዛው ይታሰራል፤ ጎልማሶች እየተፈራረቁ ተሸክመው መኪና እስከሚገኝበት መንገድ ያደርሳሉ። «ይህ የእኔ ግዴታ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የጉና ብርድም ሆነ የበሽሎ በረሃ ሐሩር አያግዳቸውም። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ታላቅ ምግባር ነው።

ነገር ግን ቃሬዛ ብቻውን የማይበቃው ሕመም አለ። ካንሰር በአንድ ቀን ጉዞ አይታከምም። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ መመላለስን ይጠይቃል፤ የጨረር ሕክምና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለበርካታ ሳምንታት ይሰጣል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሃያ ዓመታት ያህል በመላ አገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ በጅማና በሌሎችም ከተሞች ተጨምሯል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለካንሰር ሕሙማን የመድኃኒት ሕክምና በመስጠት የብዙዎችን ጉዞ አሳጥሯል። ሆኖም ከነፋስ መውጫ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከስማዳ ቆላ ለሚነሣ ሕመምተኛ ደግሞ አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት የእግርና የበቅሎ መንገድ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ቀጠሮ ያለው ሰው የሚደርስበት ችግር ሌላ ነው።

እንግዲህ የማሕፀን በር ካንሰር የያዛትን አንዲት የስማዳ እናት በሐሳባችን እንመልከት። ሐኪሙ የጨረር ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ነግሯታል። ባሏ በሬውን ሊሸጥ ይነሣል። እርሷ ግን «የልጆቼ መሬት በእኔ የተነሣ ጦሙን አይደር፤ እዚሁ ቤቴ ልሙት» ትላለች። ይህች እናት ትክክል አደረገችን?

አንዳንዶች «ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆነ፣ የመጣው ቢመጣ መሄድ አለባት» ይሉ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አታስተምርም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ ሰው ሕይወቱን ለመጠበቅ የሚገደደው በተለመደው መንገድ እንጂ በራሱ ወይም በሌላው ላይ ከባድ ሸክም በሚጭን መንገድ እንዳልሆነ አስረድተዋል። የእምነት አስተምህሮ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው መግለጫ፣ እንዲህ ያለውን ሕክምና አለመቀበል ራስን ከመግደል እንደማይቆጠር ገልጿል። ስለዚህ በዚህች እናት ላይ የሚፈርድ አይኑር።

ሌሎች ደግሞ «ፈቃዷ ነው፤ ይከበርላት» ብለው ወደ የቤታቸው ይሄዳሉ። ይህ መልስ ጨዋነት ይመስላል፤ ነገር ግን ፈጥኖ የተሰጠ ነው። የሕክምናው ሥቃይ ከሕመሙ የመጣ ሸክም ነው፤ ማንም ሊካፈላት አይችልም። የመንገዱ ሸክም ግን የከበደው በአንድ ቤት ላይ ብቻ ስለ ወደቀ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ለአንድ ቤተሰብ በሬ የሚያሸጥ ወጪ ለአርባ ቤተሰብ ጥቂት ብር ነው። ሸክሙን እንካፈል ብለን ሳንጠይቃት «አልሄድም» ያለችው በእውነት በፈቃዷ ይሁን ወይስ እኛ በመታጣታችን፣ ማን ሊያውቅ ይችላል?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የምናነበው ሳምራዊ ቁስሉን አስሮ አልሄደም። ቁስለኛውን በራሱ እንስሳ ላይ አስቀመጠ፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ የጎደለውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። መጓጓዣው፣ ማደሪያውና ተመልሶ መጠየቁ የምሕረቱ ክፍል ነበሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ሰው ሥቃይ ክርስቲያናዊ ትርጉም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ይህንኑ ምሳሌ በሰፊው አብራርተዋል።

«መንገድና ሆስፒታል መሥራት የመንግሥት ድርሻ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ይህ የፍትሕ ጥያቄ ስለ ሆነ ልንጠይቅ ይገባናል። ማኅበረሰብ አቀፉ የጤና መድን እንኳ የሚከፍለው ለሕክምናው እንጂ ለመንገዱ አይደለም። ነገር ግን ፍትሕ እስኪመጣ ድረስ ሕመሙ አይጠብቅም።

ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ገንዘብ ያዋጣል። ከዚሁ ጥቂቱን ሰውዬው በሕይወት ሳለ ለመሳፈሪያው ቢሰጥ ምን ይከለክለዋል? በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ማኅበር ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማደሪያ በመስጠት የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም በአካባቢያቸው ቀጠሮ ያለው ሕመምተኛ ማን እንደ ሆነ ቢያውቁ፣ የቀጠሮ ወረቀቱን ቢያነቡለትና በከተማ የሚያሳድረው ዘመድ ቢፈልጉለት ትልቅ ሥራ ነው። ሕክምናው ለመዳን ይሁን ወይስ ሥቃይን ለማስታገስ ከሐኪሙ በግልጽ ተጠይቆ ለሕመምተኛው ይነገረው፤ ርዳታችንም ማስገደጃ አይሁን።

ያን ጊዜ ያች እናት «እሄዳለሁ» ብትል አብረናት እንሄዳለን፤ «እቀራለሁ» ብትልም አጠገቧ እንቀመጣለን። ያን ጊዜ ብቻ ፈቃዷን አከበርን ማለት እንችላለን።