የአህያይቱ ሰንበት

ገብስ አብቃይ በሆነው በደባርቅና በዳባት ደጋ ገበሬው በሰንበት ሞፈር ቀንበሩን አኑሮ በሬዎቹን ያሳርፋል፤ ባለቤቱም የጓሮዋን ጎመን ለመቅጠፍ እንኳ ትሳቀቃለች። ይህ የሚመሰገን ነው። አህያይቱ ግን ከቅዳሴ በኋላ እህል ተጭና ወደ ወፍጮ ትነዳለች። ሕጉ በዘዳግም 5፥14 ከበሬው ቀጥሎ አህያንም በስም ጠርቶ ከልጅና ከሎሌ ጋር ያሳርፋታል። «መንገዱ ቅርብ ነው» ይሉናል፤ ጀርባዋ ቆስሎ ሳለ!

ላሚቱን ማለብ፥ ለዶሮዎች ጥሬ መበተን አይነቀፍም፤ ጌታችንም በሉቃስ 13፥15 በሬውን ወይም አህያውን በሰንበት ከግርግም ፈትቶ ውኃ የሚያጠጣውን ጠቀሰ እንጂ ስለ ማጠጣቱ አልነቀፈም። እርሱ የተናገረው ግን ስለ መፍታት ነው፤ እኛ የምናየው መጫንን ነው። እንግዲህ ሁለቱን ሰንበታት የምታከብሩ ሁሉ፥ እህሉ ዓርብ ይፈጭ። የንስሐ አባቶችም ወደ ልጆቻችሁ ቤት ስትሄዱ ወደ በረቱ ዞር ብላችሁ የአህያይቱን ጀርባ ተመልከቱ።