ዕረፍት፣ ወንዝና የወላጅ አደራ

አንድ ክርስቲያን ቤተሰብ ሥራውን አቁሞ በድንኳን ለማደር፣ በተነፋ የመኪና ጎማ ላስቲክ ላይ ተቀምጦም በወንዝ ለመንሳፈፍ ቢወጣ ጊዜውን በከንቱ አጠፋ ይባላልን? እንዲህ ያለው ሽርሽር በደሴና በኮምቦልቻ ገና ያልተለመደ ቢሆንም፣ ቤተሰብ በሐይቅ ዳርቻ ይውላል፤ ልጆችም በየወንዙ ይዋኛሉ። ስለዚህ ጥያቄው የእኛም ነው።

ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ጉዳይ መርምሮ፣ ሥጋ ሲደክም ዕረፍት እንደሚሻ ነፍስም እንደምትሻ፣ ዕረፍቷም በጨዋታ እንደሚገኝ አስተምሯል። ዘወትር ተወጥሮ የሚኖር ደጋን መሰበሩ አይቀርምና። በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የተባሉት አባ ካሮል ቮይቲላም በፖላንድ ወጣቶችን እየመሩ በድንኳን ያድሩ፣ በታንኳ ወንዝ ይወርዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ለረዳት ጳጳስነት መመረጣቸው እንዲነገራቸው የተጠሩትም ከእንዲህ ያለው ጉዞ ላይ ነው።

ነገር ግን ቅዱስ ቶማስ ጨዋታው ለሰው፣ ለጊዜና ለቦታ የተስማማ ይሁን ሲል ወሰን አኑሯል። ይህ ወሰን በወሎ ምድር የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ ወንዝ የሚሞላውም በዚያው በክረምት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በደጋው የጣለው ዝናብ ከታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። የሐይቅም ዳሩ ጸጥ ያለ ቢመስል መካከሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል።

ስለዚህ ጥንቃቄ ስንናገር «ቀኑ ካልደረሰ ማንም አይሞትም» የሚሉን አሉ። ይህ ቃል ሐዘንተኛን ለማጽናናት ሲነገር ርኅራኄ አለበት። ከአደጋ በፊት ሲነገር ግን የራስን ኃላፊነት በእግዚአብሔር ላይ መጣል ነው። ጌታችን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ እምቢ ያለው በአባቱ ባለመታመኑ አይደለም። ልጅ የተሰጠን በአደራ ነው፤ አደራ ተቀባይም «የሚሆነው ይሆናል» ብሎ አይቀመጥም።

ይህን ስንል ልጆች ቤት ተዘግቶባቸው ይደጉ ማለታችን አይደለም። ወንዝ ፈጽሞ የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ይሄዳል፤ በዚያም የሚጠብቀው የለም። ይልቅስ ወላጅ አብሮ ይውጣ። ውሃው ጎድሎ በሚጠራበት በኅዳርና በጥር መካከል ይምረጥ፤ በወሎ በልግም ይዘንባልና። የወንዙን ጠባይ የሚያውቀውን ያገሬውን ሰው ይጠይቅ፤ ድንኳኑን ከወንዙ ርቆ ከፍ ባለ መሬት ይትከል፤ ልጆቹን የሕይወት አድን ጃኬት ያልብስ። በተራራው ወገን ደመናው ከጠቆረ ጨዋታውን ያቁም። ልጁ ያኮርፍ ይሆናል፤ ሆኖም ያን ቀን «ይቅር» ማለት፣ ቀድሞ «እንሂድ» ከማለት ያላነሰ ፍቅር ነው።

እናንተም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ የቁምስናችሁን ወጣቶች ለጉዞ ስትመሩ፣ መዝሙሩንና ስንቁን ከማሰናዳታችሁ በፊት ወቅቱንና የምትሄዱበትን ውሃ መርምሩ። ይህም ከአገልግሎታችሁ አንዱ ክፍል ነው።