የድመት ትልና የፈጣሪ ቸርነት

በድመት አንጀት የሚኖር አንድ የኮሶ ትል ሕይወቱን የሚጀምረው በአይጥ ጉበት ነው። ከድመት ዓይነ ምድር ጋር የወጣውን እንቁላል አይጥ ትውጠዋለች፤ እጩ ጉበቷ ላይ ከረጢት ሠርቶ ይቆያል፤ ድመት አይጧን ስትበላ በአንጀቷ ውስጥ ሙሉ ትል ይሆናል። ዓለምን የፈጠረው ጥበበኛና ቸር አምላክ ነው ለሚል ሰው ይህ ዑደት ከባድ ጥያቄ ያነሳል፦ ሥርዓት መኖሩ ስለ ቸርነት ይመሰክራል?

ዑደቱ እንዲገለጥ የረዳው ራሱ እምነት መሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ካርል ቴዎዶር ፎን ዚቦልድን የመሰሉ ሊቃውንት፣ ከረጢቱ መንገድ ስቶ የታመመ ትል ነው ይሉ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪድሪሽ ኩሸንማይስተር ይህን አልተቀበለም። ብርቱ አማኝ ስለነበር ተፈጥሮ ያለ ዓላማ የምትሠራው ነገር አለ ብሎ ማሰብ አይሆንለትም ነበር። በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአይጥ የተወሰደውን ከረጢት ለድመት አበላ፤ ትሉም አደገ። ዓላማ ፈልጎ ዓላማ አገኘ። ችግሩ፣ ከተገኘው ዓላማ ድመቷም አይጧም ምንም አለመጠቀማቸው ነው፤ ያተረፈው ትሉ ብቻ ነው። ይኸው ሰው በ1855 ሞት ለተፈረደበት እስረኛ የአሳማ ኮሶ ትል እጮች ማብላቱ ሲታሰብ ደግሞ፣ በዓላማ ማመንና መራራት የግድ አብረው እንደማይሄዱ ይታያል።

ከኩሸንማይስተር በፊት ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቫሊስኔሪ ትሎች ከውድቀት በፊትም በአዳም ሆድ እንደነበሩ፣ ነገር ግን እንደማይጎዱ ጽፏል። መልሱ ጉዳቱን በኃጢአት ላይ ያሳርፋል፤ ለሰው ይሠራ ይሆናል፣ ለድመት ግን አይሠራም። ወስፋት ከእናቲቱ ድመት ወተት ጋር ወደ ግልገሎቿ ይተላለፋል፤ ዓይኑን ያልገለጠ ግልገል የበደለው ነገር የለም። የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው አውግስጢኖስ ትል እንኳ የራሱ ውበትና ሥርዓት አለው ማለቱ ይበልጥ ጠንካራ መከራከሪያ ነው፤ ሆኖም ውበትን እንጂ ሥቃይን አያስረዳም።

ቻርልስ ዳርዊን በ1860 ለአሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ለኤሳ ግሬይ ሲጽፍ፣ ድመት በአይጥ መጫወቷን ቸር አምላክ ሆን ብሎ አቀደው ለማለት እንደማይደፍር ገልጾ፣ ሕግጋቱ የታቀዱ ዝርዝሩ ግን ለአጋጣሚ የተተወ ይሆናል ወደሚል ሐሳብ አዘነበለ። ይህ መንገድ ፈጣሪን ከትሉ መንጠቆ ነፃ ያወጣል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ የጥበብ ማስረጃ ተደርጎ የሚጠቀሰው የድመቷ ዓይንም በዚያው መዝገብ ይገባልና።

በድመት መጠለያዎች ያለው ሁኔታ ግን ይለያል። ብዙ ድመቶች በጠባብ ቦታ ሲታጎሩ ጃርዲያና ወስፋት ከአንዷ ወደ ሌላዋ በቀላሉ ይዛመታሉ፤ ያጎራቸው ደግሞ ሰው ነው። ስለዚህ እዚያ ተጠያቂ ፍለጋ ሰማይ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የእንስሳት ሐኪሞች ለግልገሎች ከ2 እስከ 3 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ እንደ ፒራንቴል ያለ መድኃኒት፣ ለኮሶ ትል ደግሞ ፕራዚኳንቴል ይሰጣሉ። አማኙ ሐኪም ይህን የአደራ ሥራ ይለዋል እንጂ በፍጥረት ሥርዓት ላይ ማመፅ አይለውም። እንዲህ ሲል ግን፣ ያገኘውን ሥርዓት ሁሉ እንዳለ መጠበቅ እንዳለበት እንደማያምን በተግባር ገልጿል፤ የኩሸንማይስተር ዓላማ ለእርሱ አይበቃውም።