ውኃው ከሩቅ ነው የመጣው

በዓይንጋዲ ሸለቆዎች የሚወርደው ውኃ እዚያው የዘነበ አይደለም። ከይሁዳ ምድረ በዳ ጫፍ፣ በጨው ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ የተቀመጠው ይህ ቦታ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ መቶ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዝናቡ የሚወርደው በስተ ምዕራብ፣ በኢየሩሳሌምና በኬብሮን ተራሮች ላይ ነው፤ ያውም ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት። እዚያ የወረደው ውኃ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቆች ይሰርጋል፤ ውኃ የማያሳልፍ የድንጋይ ንብር እስኪያጋጥመው ድረስ ወደ ታች ይዘልቃል፤ ከዚያ በኋላ ንብሩን ተከትሎ በጨለማ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። በላዩ ያለው ምድር እሾህ እንኳ ተለምኖ የሚበቅልበት ደረቅ ነው። ውኃው ብርሃን የሚያየው ምድር ራሷ ከተሰበረችበት ገደል ሲደርስ ነው። ዳዊት፣ አሩጎት፣ ሱላማጢስና ዓይንጋዲ የሚባሉት አራቱ ምንጮች በጠቅላላው በዓመት ሦስት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ያፈልቃሉ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ነፍሴ ትንበረከካለች። በኬብሮን ተራራ ወይን የሚተክል ሰው ዝናቡን «የእኔ ነው» ቢል አልተሳሳተም። ግን ከዚያው ዝናብ ላይ ድርሻ ተነሥቶ፣ ማንም ሳያየው፣ በበረሃ ገደል ላይ ለምትኖር አንዲት የዱር ፍየል ይላክላታል። እሷ ደመናውን አላየችም። ነጎድጓዱንም አልሰማችም። ውኃው ግን ሳይጎድል ይደርሳታል።

ከቤር ሼቫ ማለዳ ተነሥተን በአራድ በኩል ወረድን፤ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እናቴ። ወሩ የካቲት ነበር። ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ሕፃንና አረጋዊ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አይደለም። ከአራድ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይሄዳል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ከዚያ ባሕሩ ከሥር ብቅ ይላል። የጨው ባሕር ገጽ ከውቅያኖሶች ወለል ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ በምድር ላይ ሰው በደረቅ መሬት ቆሞ ከዚህ የበለጠ ዝቅ የሚልበት ሌላ ዳርቻ የለም። ውኃው ከተራ ባሕር አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። ዓሣ አይኖርበትም። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ ግን ለመጠጥ የሚሆን ጣፋጭ ምንጭ ይፈሳል።

የገባነው በዳዊት ወንዝ ሸለቆ ነው። ግራና ቀኝ የቆመው ግድግዳ ንብር በንብር የተደራረበ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከ90 እስከ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር። የባሕር ፍጥረታት ሕይወታቸውን ጨርሰው ዛጎላቸውን እዚያ አራገፉ፤ ዛጎሉ ድንጋይ ሆነ፤ ድንጋዩ ዛሬ ከራሳችን በላይ ቆሞ ፀሐይ ይሞቃል። ይህን ድንጋይ የሰበረው ኃይል ደግሞ ለኢትዮጵያ ሰው ባዕድ አይደለም። አፋር ላይ ቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የእኛ ስምጥ ሸለቆ፣ ሦስቱ ስንጥቆች ይገናኛሉ። የዓረብን ምድር ከአፍሪካ የለየው ያ እንቅስቃሴ ቀይ ባሕርን ይዞ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ በአቃባ አድርጎ ወደ ጨው ባሕር ይደርሳል፤ ወደ ገሊላም ያልፋል። እዚህ ላይ ምድሪቱ ጎን ለጎን ትንሸራተታለች፤ የምሥራቁ ወገን ከምዕራቡ አንጻር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሄዷል። ልጄ መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጥፋ «አሁንም ይንቀሳቀሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፤ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር። ፈጣሪ ዓለምን አንድ ጊዜ ሠርቶ የተዋት የሚመስለው ሰው ቢኖር መጥቶ ይህን ግድግዳ ይንካው። ሥራው አልቆመም።

ከሰው በፊት የተቀበሉን ሽኮኮዎች ናቸው። ፀሐይ ቀድማ በደረሰችበት ቋጥኝ ላይ ተደርድረው ይሞቁ ነበር፤ የሰውነታቸውን ሙቀት እንደ ሌሎች አጥቢዎች አጽንተው መያዝ ስለማይችሉ ጠዋት ጠዋት ፀሐይን ይጠብቃሉ። አንዱ ከፍ ብሎ ይቃኛል፤ አደጋ ሲያይ ይጮኻል፤ ሌሎቹ በአንድ ጊዜ ወደ ስንጥቁ ይገባሉ። የመዳፋቸው ሥር ለስላሳና እርጥብ ስለሆነ ቀጥ ያለ አለት ላይ ሲወጡ አይንሸራተቱም። ጥንቸል የሚያካክሉት እነዚህ ፍጥረታት ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ በዘር የሚቀርቧቸው ዝሆንና ማናቲ የሚባለው የውኃ አጥቢ መሆናቸውን ስነግራቸው ልጆቹ አላመኑኝም። እናቴን ግን አልደነቃትም። «ጥርሱን አይታችሁታል?» አለቻቸው፤ እውነትም የወንዱ ሽኮኮ የላይ ጥርስ ትንሽ የዝሆን ጥርስ ነው። ሰሜን ተራሮች ሥር ነው ያደገችው። ሽኮኮን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች።

ከዚያ ከፍ ብሎ የዱር ፍየሎቹ ነበሩ። የኑቢያ ዋልያ ይሏቸዋል፤ የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ሰኮናቸው ዳሩ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ጠንካራው ጠርዝ ስንጥቁን ይይዛል፣ ለስላሳው አለቱን ያቅፋል። አንዲት እናት ከግልገሏ ጋር፣ እኔ እጄን ላሳርፍበት በማልደፍረው ጠርዝ ላይ እየጋጠች ታልፍ ነበር። እናቴ ቆማ አየቻት። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና «ይሄማ ዋልያው ነው፤ ፀሐይ አነጣው እንጂ የእኛው ነው» አለች።

የእንስሳት ተመራማሪዎች የሚሉትም ከዚህ አይርቅም። የእኛው ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም የማይገኝ የእኛ ብቸኛ ሀብት ሲሆን፣ የኑቢያው ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ መኖሪያው በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ባሉት ተራሮች ላይ እስከዚህ ድረስ ይዘልቃል። ሳስበው የምደነቀው በዚህ ነው። አንደኛው ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትርና ከዚያም በላይ፣ ውርጭ በሚያድርበት ገደል ላይ ይኖራል። ሌላኛው ከባሕር ወለል በታች፣ በዓለም ዝቅተኛው ዳርቻ ላይ በሙቀት ይኖራል። አካሄዳቸው አንድ ነው። ገደል የማይፈሩበት ልባቸውም አንድ ነው። አንድ እጅ የሠራውን ነገር በሁለት ጫፍ አስቀምጦ፣ ሁለቱንም ጫፍ በቂ አደረገላቸው።

መዝሙር 104፣ በግእዙ ዳዊት 103ኛው፣ የተራራውን ፍየልና ሽኮኮውን በአንድ ቁጥር ላይ አጎራብቶ ያነሣል፤ ለአንዱ ተራራውን፣ ለሌላው ድንጋዩን መሸሻ አድርጎ። ዓይንጋዲ የቆመ ሰው ይህ አሰላለፍ ለዜማ ተብሎ እንዳልመጣ ያያል። ሁለቱ እዚህ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ያንኑ ገደል ከላይና ከታች ተካፍለውታል። መጽሐፈ ሳሙኤልም ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ በዓይንጋዲ ምድረ በዳ እንደተሸሸገ ሲተርክ የፍየሎቹን ዓለት በስሙ ይጠራል። መዝሙሩን የዘመረው ሰው ዓይኑን አንሥቶ ያየውን ነው የተናገረው ብዬ አምናለሁ።

ዛፎቹን ለልጆቹ ያሳየችው እናቴ ናት። ቁርቁራ አለ፤ ግራር አለ፤ የሽፈራው የቅርብ ዘመድ የሆነ ዛፍም ከአለቱ ጎን በቅሏል። እነዚህ የሞቃቷ አፍሪካ ዛፎች ናቸው። በስምጡ ሙቀት ተከልለው፣ ከምንጭ ወደ ምንጭ፣ በወፍ ሆድና በጎርፍ ተጓጉዘው በብዙ ዘመን ወደ ሰሜን ዘለቁ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ዓይንጋዲ አካባቢ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ከዚህ በላይ ያለው ብርድ አያሳልፋቸውም። ከላያቸው የሚያፏጨው ጥቁር ወፍም፣ ሲበር ከክንፉ ብርቱካንማ ቀለም የሚታየው፣ ወገኖቹ በአብዛኛው በአፍሪካ የሚኖሩ ናቸው፤ አንዱ ዘመዱ በኢትዮጵያና በኤርትራ ገደሎች የሚገኘው መንቆሩ ነጭ የሆነው ወፍ ነው። ይኸኛው በኑቢያው ዋልያ ጀርባ ላይ ያርፍና መዥገሩን ይለቅምለታል።

የዳዊት ፏፏቴ 36 ሜትር ከፍታ አለው። ብዙ ውኃ አይደለም፤ ጢስ ዓባይን ላየ ሰው ክር ነው። ግን በዙሪያው ያለውን አለት ፈርን የተባለው ቅጠለ ረቂቅ ተክል አልብሶታል፤ ደረቅ ገደል መካከል አንድ አረንጓዴ ግድግዳ ቆሟል። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እናቴ ግን ኮዳዎቹን ሰብስባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ አንድ በአንድ እየከፈተች ምን ያህል እንደቀረ አየች፤ ከራሷ ኮዳ ወደ ልጆቹ ጨመረች። በእስራኤል ያለን ቤተሰቦች «ቲዩል» የምንለው ይህ በእግር የመውጣት ደስታ ለእሷ ትውልድ ሌላ ነገር ነበር። በ1976 ዓ.ም. ከወላጆቿ ጋር ወደ ሱዳን በእግሯ ተጓዘች፤ ሌሊት ሌሊት፣ ውኃ በጉንጭ እየተሰፈረ። በዚያ ጉዞና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዳለቁ ይነገራል። ከፏፏቴው ሥር የተቀመጠችው ሴት ውኃ ሲወርድ የምትሰማበት ጆሮ የእኔ ጆሮ አይደለም። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። አላቋረጥኳትም።

ይህ ሸለቆ የተቀረጸው በዚህ በቀጭኑ ውኃ ብቻ አይደለም፤ በጎርፍ ጭምር ነው። በላይ ተራራ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል፣ ደረቁ መሬት ሊጠጣው ስለማይችል ውኃው ወደ ሸለቆ ይገፋል፤ ከታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ቋጥኝ የሚያንከባልል ጎርፍ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ከዚህ በስተ ደቡብ ባለው በጻፊት ወንዝ ሸለቆ አሥር ወጣቶች እንዲህ ባለ ጎርፍ ሞቱ። በአካባቢው ዝናብ ሲተነበይ የሸለቆዎቹ መግቢያ የሚዘጋው ለዚህ ነው፤ የተዘጋ በር ያየ ቤተሰብ ይመለስ። የሚያስደንቀንን ነገር መፍራትም ተገቢ ነው።

ዘግይተን በመምጣታችን ያመለጠንም ነገር አለ። በእነዚህ ሸለቆዎች ነብር ይኖር ነበር፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ ባሉት ዓመታት ጠፋ። የዋልያና የሽኮኮ ዱካ ዛሬም አለ፤ የእሱ ግን የለም። ባሕሩም በዓመት አንድ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ የዮርዳኖስ ውኃ ከላይ ስለሚወሰድና ማዕድን ለማውጣት ባሕሩ እንዲተን ስለሚደረግ። የሸሸው ባሕር በተወው ዳርቻ ላይ የከርሰ ምድር ጨው በንጹሕ ውኃ ይሟሟል፤ ያኔ መሬቱ በድንገት ይሰምጣል። ከሸለቆው አፍ ሆነን ስናይ የቀድሞው የውኃ ጠርዝ የነበረበት መስመር ከዛሬው ርቆ በግልጽ ይታያል። ልቤን ያሳዝነዋል፤ ከተራራ ተነሥቶ በጨለማ ተጉዞ ለፍየሏ የሚደርሰውን ውኃ ድርሻዋን ሳይነካ የላከላት ሲኖር፣ እኛ ግን የራሳችንን ወስደን አልበቃንም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጥንቱ ምኩራብ ፍርስራሽ ሄድን። ወለሉ በጠጠር የተሣለ ነው፤ በላዩ ካሉት ጽሑፎች አንዱ የከተማይቱን ምስጢር የሚገልጥ ሰው ላይ እርግማን ያወርዳል። ምስጢሩ የበለሳን ዛፍ አያያዝ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ ብዙ ተመራማሪዎች፤ የዓይንጋዲ ሰዎች ከእሱ የሚያወጡት ሽቱ በሮም ዘመን እጅግ ውድ ነበር። በለሳን ከከርቤ ጋር አንድ ወገን ነው፤ የዱር መገኛው ደቡብ ዓረቢያና የእኛው የአፍሪካ ቀንድ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዘመን የጻፈው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ጆሴፈስ፣ የዚህን ዛፍ ሥር ወደዚህ አገር ያመጣችው ሰሎሞንን ልትጎበኝ የመጣችው ንግሥት እንደሆነች ሲነገር መስማቱን መዝግቧል፤ የግብፅና የኢትዮጵያ ንግሥት ይላታል።

ይህን ለልጆቹ በሁለት ቋንቋ እያቀላቀልኩ ስነግራቸው፣ ትልቋ ንግሥቲቱ ችግኙን ራሷ ይዛው እንደመጣች ወይስ አገልጋዮቿ እንደተሸከሙላት ጠየቀችኝ። እኔ መልስ አልነበረኝም። እናቴ ግን ነበራት።

«ራሷ ናት እንጂ!» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር ለሎሌ ይሰጣል? መንገዱን ሙሉ ውኃ እያጠጣችው ነው የመጣችው።»