አረንጓዴ የተቀባው ሜዳ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት፣ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ላለች አንዲት ከተማ የነዋሪዎች አስተያየት መሰብሰቢያ አፕ እንድሠራ ጠየቀኝ። ፕላኑ ሊከለስ ነው፣ ሕዝቡ ይጠየቅ ተብሏል። ያደግሁት እዚያው አካባቢ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። የቅጹን የመጀመሪያ መስመር ስሠራ ብዙም አላሰብኩም፦ «የነዋሪነት መታወቂያ ቁጥር»። ግዴታ አደረግሁት። እሱ ሳይሞላ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ አያሳልፍም። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመልስ ብዬ ነው፤ ማንኛውም ፕሮግራመር የሚያደርገው ነገር ነው፣ በቃ።

መልሶቹ ሲገቡ አንድ ጥያቄ በብዛት ተደጋገመ። ከመናኸሪያው ጀርባ ግራር ያለበት ሜዳ አለ፤ እሱ ሜዳ ይጽዳልን የሚል። «ይጽዳ» ሲሉ ቆሻሻው ብቻ አይደለም። በሰሊጥ ወቅት የቀን ሠራተኛው የሚያድረው እዚያ ነው። ሌብነት፣ ስካር፣ ሜዳ ላይ መጸዳዳት ተዘርዝሯል፤ ውሸት ነው አልልም። እኔ በሠራሁት ግራፍ ላይ ረጅሙ ባር ይሄ ሆነ። ባለሙያዎቹም ግራፉን አይተው ሜዳውን አረንጓዴ ቀቡት። መናፈሻ።

እኛ ሀገር ስለ ከተማ ፕላን ስናወራ የለመድነው ቅሬታ ሌላ ነው፤ «ማን ጠየቀን?» የሚል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ያስነሳው ተቃውሞ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቶበት፣ በመጨረሻ ጥር 2008 ላይ ፕላኑ ተሰረዘ። ሕጉ ግን ከዚያ በፊትም ነበረ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የሕዝብ ተሳትፎን ከመሠረታዊ መርሆዎቹ አንዱ አድርጎታል። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን በ1969 እ.ኤ.አ. ተሳትፎን 8 እርከን ባለው መሰላል መስላው ነበር፤ ታች ሰውን ማታለል፣ መሐል ላይ ማማከር፣ ጫፉ ላይ ውሳኔው የዜጎች መሆን። በዚህ መሰላል ከለካነው የእኛ ከተማ ጥሩ ነው የወጣችው። ሰው ተጠየቀ፣ መለሰ፣ ያለው ተደረገለት።

ታዲያ ለምንድነው እንቅልፍ የነሳኝ?

ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ከደረሰ በኋላ ከቆየ ፍሬው እየተከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ የሚመጣው ከደጋው ነው፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ። መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ በዚህ እጅ ነው የሚኖሩት። ሠራተኛው የሚያድርበት ቦታ ደግሞ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትጠለለው በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፍ አካባቢ ነው፤ የምትነድፈውም በብዛት ማታ ነው። ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። የደጋ ልጅ ደግሞ ሰውነቱ አያውቀውም። ስለዚህ «የት ይተኛ?» የሚለው እዚያ አገር የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነው፣ እኔ ደግሞ ያንን ጥያቄ የሚመለከተው ሰው እንዳይመልሰው ኮድ ጽፌያለሁ።

አክስቴ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ቅጹን ሞልታለች።

«ይጽዳ ካሉት አንዷ አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«እና ምን ልበል ልጄ? ሌሊት በሬ ሲደበደብ አንተ ጎንደር ነህ፤ እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ትንሽ ቆይታ ግን፣ «የት ይሂዱ ነው የሚለው ወረቀቱ?» አለችኝ። ምንም አይልም አልኳት። «ወይ ጉድ! አጎትህስ ለአረም መጥቶ አይደል እዚሁ የቀረው?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። አክስቴ ሰዎቹ ይባረሩ አላለችም፤ ሌሊት ልተኛ ነው ያለችው። ቅጹ ግን «ምን ይስተካከል?» ብሎ ጠየቃት፣ የእሷ እንቅልፍ ማጣት የሌላው ሰው መኝታ ማጣት ሆኖ ተመዘገበ። በእኛ ሙያ የሚከፍለው ደንበኛና ሲስተሙን የሚጠቀመው ሰው ሁሌ አንድ እንዳልሆኑ በመጀመሪያው ዓመት ነው የምንማረው። ከተማ ላይ ስንደርስ ረሳነው።

እርግጥ የሚነሳ ጠንካራ ክርክር አለ። 30 ዓመት በዚያ ሙቀት የኖረ፣ ግብር የከፈለ፣ ልጆቹን እዚያ ያሳደገ ሰው፣ ለ3 ወር ከመጣ ሰው ጋር እኩል ይናገር? በሁሉም ነገር፣ አይ። ዋናው መንገድ በየት ይለፍ፣ ትምህርት ቤቱ የት ይሁን የሚለውን ነዋሪው ይወስን፤ 10 ዓመት አብሮት የሚኖረው እሱ ነው። የሰውዬው ገላ ማታ የት ይረፍ የሚለውን ግን እሱ በሌለበት በድምፅ ብልጫ መጨረስ ሌላ ነገር ነው። ከሮማውያን ሕግ የመጣ፣ ሁሉንም የሚነካ ጉዳይ ሁሉም ይምከርበት የሚል አሮጌ መርህ አለ። መርሁ የሚጠይቀው ማን እንደሚነካ ነው፤ መታወቂያ ያለው ማን እንደሆነ አይደለም።

«ነዋሪ» የሚለው ቃል ራሱ መተማ ላይ ሲመጣ ይንሸራተታል። የመተማ ዮሐንስ ስም እዚያ ያልኖረ ሰው ስም ነው፤ አፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 ከማህዲስቶች ጋር ሊዋጉ መጡ፣ ቆሰሉ፣ አረፉ። ከዚያ በፊት የጎንደርና የሱዳን ነጋዴ የሚገናኝበት ገበያ ነበር፤ ገበያውን ካቆሙት መካከልም ከዳርፉርና ከዚያ ማዶ መጥተው የቀሩ ተክሩሮች አሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከደጋው በሰፈራ የመጡ አሉ። ሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲነሳ፣ ከጋላባት ድልድዩን ተሻግሮ የመጣው ሰው ቁጥር ስፍር አልነበረውም። እንግዳው ይውጣልን ብለው ቅጹን የሞሉት አብዛኞቹ የእንግዳ ልጆች ናቸው። እኔም ነኝ።

ኮዱን አስተካክያለሁ። አንድ ቃል ነው የተቀየረው፤ «ግዴታ» የነበረው «አማራጭ» ሆነ። ከሱ በላይ ደግሞ አዲስ መስመር ጨመርኩ፦ «ዛሬ ማታ የት ያድራሉ?» ይሄን ሁሉም ሰው መመለስ ይችላል፣ አክስቴም ሰሊጥ አጫጁም። ለመሥሪያ ቤቱ ሳሳያቸው ጥሩ ነው አሉኝ፣ ለሚቀጥለው ክለሳ እንጠቀምበታለን። መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። ባለፈው ጥቅምት በዚያ ሳልፍ አጥር አልነበረም፣ አበባም አልተተከለም፤ ሰዎቹ እንደ ድሮው ግራሩ ሥር ማዳበሪያ አንጥፈው ተኝተዋል፣ ካርታው ላይ መናፈሻ በሆነው ቦታ።