የመንግሥት ትምህርት ቤትና የወላጅ አደራ

ልጅን ማስተማር የማን ኃላፊነት ነው? ቢባል፣ ብዙዎቻችን የወላጅም የመንግሥትም ነው ብለን እንመልሳለን። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ በሃይማኖትና በሥነ ምግባር ረገድ ሲገናኙ ድንበሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ አይነግረንም። ስለ ትምህርት ሕጋችን መሻሻል የሚነሡት ልዩ ልዩ አስተያየቶችም መነሻቸው ይኸው ድንበር ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት እየሰጡ የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል።

አንዳንዶች ይህ ሕግ ተሻሽሎ ሃይማኖት በመንግሥት ትምህርት ቤት ይሰጥ ይላሉ። ፈሪሃ እግዚአብሔር የሌለበት ዕውቀት ሰውን አያንጽም ባዮች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ መሰረዙን ለምሳሌ ይጠቅሳሉ። ሌሎች ግን ታሪክን አስታውሰው ይሠጋሉ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መንግሥትን ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን ጋር አቆራኝቶ ነበር፤ በደርግ ዘመን ደግሞ የማርክስና የሌኒን ርዕዮተ ዓለም ወደ ትምህርት ቤት ገባ። ስለዚህ መምህሩ ለሕሊና አዛዥ እንዳይሆን ክልከላው ይጽና ይላሉ። ሦስተኛዎቹ መካከለኛውን መንገድ ይመርጣሉ፤ ሃይማኖት ሳይሰበክ ግብረ ገብ ለሁሉም ይሰጥ ነው የሚሉት።

የመጀመሪያውን አሳብ ስንመዝን፣ የሚሰጠው የማን ሃይማኖት ነው? ብለን መጠየቅ ይገባናል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊካውያን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላንም ነበር። በየአካባቢው የሚበዛው ወገን እምነቱን በክፍል ውስጥ ቢያስተምር የእኛ ልጆች ምን ሊሆኑ ነው? ለራሳችን የማንወደውን በሌላው ላይ እንዳናደርግ ተምረናል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው መግለጫ፣ ልጆች ከወላጆቻቸው እምነት ጋር የማይስማማ ትምህርት እንዲከታተሉ ማስገደድ የወላጅን መብት መጣስ መሆኑን አስተምሯል። ይህ ትምህርት ለካቶሊክ ወላጅ ብቻ የተነገረ አይደለም። የሌላ እምነት ልጆችን የሚቀበሉ የእኛ ትምህርት ቤቶችም በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ።

ሁለተኛው አሳብም ወሰን ያስፈልገዋል። ትምህርት ቤቱ አለመስበኩ አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው እምነቱን ከበር ውጭ ጥሎ እንዲገባ መጠየቅ ግን ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ሙስሊም ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ በመታገዳቸው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። እዚህ ላይ የትምህርት ዕድልና የሕሊና ታማኝነት እንዲጋጩ ተደረገ፤ ልጅቱም ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ ተገደደች። እንዲህ ያለው ጭንቀት በሙስሊሟ ላይ ሲደርስ ዝም ያለ ክርስቲያን፣ ነገ መስቀል በአንገቷ ያሰረች ልጁ ብትከለከል በምን አፉ ይከራከራል?

ሦስተኛው አሳብ ብዙ መልካም ነገር አለው። እውነትን መናገርን፣ ታላቅን ማክበርንና የሰውን ገንዘብ አለመንካትን የማይቀበል ሃይማኖት በአገራችን የለም። ሆኖም ልጁ፣ ማንም ባያየኝ ስለ ምን አልሰርቅም? ብሎ ሲጠይቅ፣ የመንግሥት መምህር የሚሰጠው መልስ በሕግና በማኅበራዊ ጥቅም ላይ ይቆማል። ከዚያ በታች ያለውን ሥር የሚተክለው ሌላ እጅ ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት አንቀጽ 90ን መለወጥ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አፈጻጸሙ ግልጽ እንዲሆን ነው፦ መምህሩ እንዳይሰብክ፣ ተማሪውም በእምነቱ እንዳይነቀፍ። ይህን ስንል ግን አንቀጽ 27 ሸክሙን በእኛ ትከሻ ላይ እንዳኖረው መዘንጋት የለብንም። የማንሠራበት መብት በወረቀት ላይ የቀረ መብት ነው። በቤቱ ከልጁ ጋር የማይጸልይ አባት ትምህርት ቤቱ እግዚአብሔርን ረሳ ብሎ ሊከስ አይችልም። ቁምስናም ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ የተመደበችውን የእሑድ ሰዓት በስብሰባ ምክንያት እየሻረች በመንግሥት ብታማርር፣ አደራውን የበላችው ራሷ ናት።

የተወደዳችሁ ካቴኪስቶች፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሳምንቱን የዋለው ልጅ ወደ እናንተ የሚመጣው ለጥቂት ሰዓት ነው። በክፍል የሰማውን ግብረ ገብ አትናቁበት፤ ከዚያ ተነሥታችሁ ምክንያቱን አሳዩት። ወላጆችም የልጆቻችሁን ደብተር እንደምትመለከቱ ሁሉ ሕሊናቸውንም ተመልከቱ። ሕግ በሩን ክፍት ሊተውልን ይችላል፤ ልጁን በእጁ ይዞ የሚያስገባው ግን ወላጁ ነው።